ባለ ርስቱ ድኻ፦ መሬት ያለው ሁሉ ለምን አያልፍለትም?



በሀገራችን የመሬት ነገር በተነሣ ቁጥር ሁለት ጎራዎች ሲፋጠጡ ማየት ልማድ ሆኗል። አንደኛው ጎራ «ለገበሬው መሬቱን በስሙ አድርጉለትና ሲበለጽግ ታዩታላችሁ» ይላል። ሁለተኛው ጎራ ደግሞ «መሸጥ ከተፈቀደለት በአንድ ክፉ ቀን ሸጦት ከተማ ይገባል፤ ስለዚህ መንግሥት ይያዝለት» ይላል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። መሬት አይሸጥም አይለወጥም የሚለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ከጸደቀም ሠላሳ ዓመት ተሻግሯል። ክርክሩ ግን ከነበረበት ፈቀቅ አላለም።

እኔም ብሆን ከፊተኛው ጎራ ተሰልፌ ብዙ ቃላት አባክኛለሁ። በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ፣ በሻይ ሰዓት ለባልደረቦቼ፣ «ዋናው ነገር ባለቤትነት ነው፤ ሌላው ሁሉ ተከታይ ነው» እል ነበር። ይህን እምነቴን ያናጋው የተቃዋሚዎቼ ሙግት አልነበረም። ያናጋው ከሀገራችን እጅግ ርቆ በሚገኝ አንድ የገበሬዎች መንደር ያሳለፍኳቸው ሦስት ሳምንታትና እዚያ አንዲት መበለት የተናገሩት አጭር ቃል ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚያ መንደር ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሱንዳ እንጂ ሱዳን አይደለም

ለትምህርት ሆላንድ በነበርኩበት ዘመን አብሮኝ ዶክትሬቱን ይሠራ የነበረ አንድ ወዳጅ ነበረኝ። «ሱንዳዊ ነኝ» ቢለኝ ሱዳናዊ መስሎኝ በዐረብኛ ሰላምታ ሰጠሁት። እርሱም ስቆ ካርታ አወጣልኝ። ሱንዳውያን በኢንዶኔዥያ የጃቫ ደሴት ምዕራባዊ ክፍል የሚኖሩ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው፣ በብዛታቸውም ከጃቫውያን ቀጥለው በሀገሪቱ ሁለተኛውን ስፍራ የያዙ ሕዝብ ናቸው። እምብርታቸው ባንዱንግ ከተማን ከብቦ ያለው ፕሪያንጋን የሚባለው ደጋ ነው። አፈሩ እሳተ ገሞራ ያደለበው ነው፤ ውኃው ከተራራ ወደ ተራራ በቦይ ይወርዳል፤ ሩዙም በእርከን ላይ ይበቅላል። ያን አገር አይቶ «እዚህ ሰው እንዴት ይደኸያል?» ብሎ የማይጠይቅ የለም።

ይህን ጥያቄ ከእኔ አስቀድሞ የጠየቀ ታላቅ ሰው ነበር። በ1920ዎቹ በባንዱንግ የምሕንድስና ተማሪ የነበረው፣ በኋላ የኢንዶኔዥያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው ሱካርኖ ነው። ራሱ እንዳወጋው፣ ከዕለታት አንድ ቀን ከከተማው በስተደቡብ ሲዘዋወር አንድ ገበሬ በማሳው ላይ ሲሠራ አገኘ። መሬቱ የማን እንደሆነ ጠየቀው፤ የራሱ ነው። ከወላጆቹ የወረሰው ነው። ዶማውስ? የራሱ ነው። ማረሻውስ? የራሱ ነው። ምርቱስ? እርሱም የራሱ ነው። ታዲያ ይበቃሃልን ቢለው፣ ከዚህች ከምታህል ቁራሽ መሬት ለሚስትና ለልጆች የሚበቃ ከወዴት ይመጣል የሚል መልስ አገኘ። የገበሬው ስም ማርሃየን ነበር ይባላል። ሰውየው በእርግጥ የኖረ ነው ወይስ ምሳሌ ነው የሚለው የታሪክ ጸሐፊዎችን ዛሬም ያከራክራል። ሱካርኖ ግን ስሙን ወስዶ የፖለቲካ ፍልስፍናው መጠሪያ አደረገው።

ነገሩ ሱካርኖን የገረመው ለምን ነበር? የማርክስ መጻሕፍት ድኻ ብለው የሚያስተምሩት ከጉልበቱ በቀር ሀብት የሌለውን የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ማርሃየን ግን ጌታ የለበትም፤ ጭሰኛም አይደለም፤ ሁሉም ነገር የራሱ ነው። ሁሉ የራሱ ሆኖ ሳለ ግን ድኻ ነው። ባለ ርስት ድኻ! አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት እንዲህ ላለው ሀብት ሳይሆን አይቀርም።

ሀብት በመንደሩ ውስጥ

የወዳጄ መንደር በጋሩት አውራጃ ነው። እዚያ ስደርስ በመጀመሪያ የተማርኩት ቃል «ቱምባክ» የሚለውን ነው። የመሬት መለኪያ ሲሆን አንዱ ቱምባክ 14 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ሰው መሬቱን በሄክታር ሳይሆን በቱምባክ መቁጠሩ ብቻውን ስለ ኑሮው ይነግራችኋል። የወዳጄ ወላጆች 300 ቱምባክ የሩዝ ማሳ ነበራቸው፤ በእኛ ስሌት 4,200 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ከግማሽ ሄክታር ያነሰ ነው። በመንደሩ እንደ ድኻ አይቆጠሩም ነበር። ልጆቻቸው አራት ናቸው። ማሳው እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 75 ቱምባክ ይደርሰዋል። በ2013 በተደረገው የኢንዶኔዥያ የግብርና ቆጠራ ከገበሬ ቤተሰቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከግማሽ ሄክታር በታች የያዙ ናቸው፤ የ2023ቱ ቆጠራ ደግሞ ቁጥራቸው ጨምሮ አገኛቸው።

ከሩዝ ማሳው ሌላ በቤቱ ደጃፍ የዓሣ ኩሬ አለ። ከመንደሩ ጀርባ ደግሞ ቀርከሃ፣ ሙዝ፣ ቡናና የፍራፍሬ ዛፍ ተደባልቆ የሚበቅልበት የዛፍ ጓሮ አለ። ሩዙ ሲያልቅ የሚታየው ይህ ጓሮ ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ ሲመጣ ቀርከሃ ይቆረጣል፤ እንግዳ ሲመጣ ከኩሬው ዓሣ ይወጣል። ለእኔም ወጥቶልኛል።

ውርሱና ጋብቻውም የሚደነቅ ነው። ሱንዳውያን በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው፤ በእስልምና ሕግ ወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ ይወርሳል። በብዙ ቤት ግን ወላጆች በሕይወት ሳሉ መሬቱን ለወንዱም ለሴቷም ያድላሉ፤ ወይም ልጆቹ ተስማምተው እኩል ይካፈላሉ። ባልና ሚስት ከየቤታቸው ይዘውት የመጡት ሀብት የየራሳቸው ሆኖ ይቀራል፤ በትዳር ያፈሩት ግን «ጉና ካያ» ተብሎ የጋራ ይሆናል። ድኻ ወንድ ባለጸጋ ሴት ሲያገባ ጋብቻው «ኛሊንዱንግ ካ ገሉንግ» ይባላል፤ በሹሩባዋ ጥላ ሥር መጠለል እንደ ማለት ነው። ሴት ልጅ የመሬት ባለቤት መሆኗ እንግዳ በሆነበት አገር እንዲህ ያለ ቃል አይወለድም።

ከእኛ ደን የወጣው ቡና

የሱንዳ ገበሬ ታሪክ ከእኛ ጋር የተሳሰረበት አንድ እውነተኛ ገመድ አለ፤ እርሱም ቡና ነው። ከኢትዮጵያ ደኖች ወደ የመን የተሻገረው የአረቢካ ቡና በሕንድ የማላባር ጠረፍ በኩል አድርጎ በ17ኛው ምእት ዓመት ማብቂያ ላይ ጃቫ ደረሰ። ያደረሰው የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነው። በ1711 የቺያንጁር ገዥ የመጀመሪያውን ምርት ለኩባንያው አስረከበ። ከ1720ዎቹ ጀምሮ የፕሪያንጋን ገበሬ ቡና እየተከለ ኩባንያው በቆረጠለት ዋጋ ለኩባንያው ብቻ እንዲያስረክብ ተገደደ። የአገሩ መሳፍንት ከየጭነቱ ድርሻቸውን ይወስዱ ነበር። ይህ ሥርዓት መልኩን እየለዋወጠ እስከ 20ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ዘለቀ። ልብ በሉ! በዚያ ዘመን የገበሬውን የሩዝ ማሳ የነጠቀው አልነበረም። የተወሰደበት ጊዜውና ጉልበቱ ነበር፤ ማሳው የእርሱ ሆኖ ቀኑ የሌላ ሆነ።

መሬቱ ራሱ የተነካው በ1870 ነው። የሆላንድ ቅኝ አገዛዝ ባወጣው የመሬት ሕግ፣ ባለቤትነቱ ያልተረጋገጠ መሬት ሁሉ የመንግሥት ተባለ። የታችኛው የሩዝ እርከን ለገበሬው ቀረ። ገበሬው እየተዘዋወረ ያርስ፣ ከብት ያሰማራና እንጨት ይለቅም የነበረበት የላይኛው ተዳፋት ግን እስከ 75 ዓመት በሚደርስ ኪራይ ለኩባንያዎች ተሰጠ። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሣበት አረንጓዴ የሻይ ተክል የተዘረጋው በዚያ ተዳፋት ላይ ነው። እንግዲህ «መንግሥት ይያዝለት» ለሚለው ጎራ ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሁን፤ መንግሥት የያዘው መሬት ለማን ደረሰ?

ነጻነት ከተገኘ በኋላም ሻዩ ወደ ገበሬው አልወረደም። በ1950ዎቹ መጨረሻ የሆላንድ ኩባንያዎች ሲወረሱ ተክሉ ወደ መንግሥት ድርጅት ተላለፈ። በ2000 የተቋቋመው የፓሱንዳን ገበሬዎች ማኅበር በጋሩት፣ በታሲክማላያና በቺያሚስ የተነሣው ይህንኑ የአያቶች መሬት ለማስመለስ ነው።

ጥሩ ሕግና የመበለቲቱ መልስ

በ1960 ኢንዶኔዥያ አስደናቂ የመሬት ሕጎች አወጣች። ዋናው ሕግ የመሬት መብት ሁሉ ማኅበራዊ ተግባር እንዳለው ይደነግጋል። ሌላው የእኩል አራሹን ድርሻ ይጠብቃል። ሌላው ደግሞ የይዞታን ጣራ ወስኖ፣ እያንዳንዱ ገበሬ ቢያንስ 2 ሄክታር እንዲኖረው መንግሥት ይጣጣር ይላል። ከዚህ ሕግ አንቀጾች አንዱን በቃሌ አጥንቼው ነበር። በወለድ አግድ የተያዘ የእርሻ መሬት ሰባት ዓመት ከሞላው፣ ያስያዘው ሰው አንድ ሳንቲም ሳይከፍል መሬቱ ይመለስለታል ይላል። ምክንያቱም አበዳሪው በሰባት ዓመት አዝመራ ገንዘቡን ከነወለዱ በልቶታል።

ከዚያ 1965 መጣ። ከመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ በኋላ በኮሚኒስትነት ስም በመላ ሀገሪቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ታረደ። «የመሬት ይዞታ ይስተካከል» ማለት ሰውን የሚያስጠረጥር ቃል ሆነ። ሕጉ አልተሻረም፤ በመደርደሪያ ላይ ቀረ።

የወዳጄ አባት በጠና በታመሙ ጊዜ እናቱ (በመንደሩ ሰው ሁሉ ኤማክ ይላቸዋል) ለሕክምናው 100 ቱምባኩን ለአንድ ጎረቤት በ«ጋዳይ» አስይዘው ነበር። ጋዳይ ማለት ከእኛ ወለድ አግድ ጋር አንድ ነው። የብድሩ ልክ በገንዘብ ሳይሆን በወርቅ ግራም ተቆረጠ፤ ወርቅ ዋጋው አይወድቅም ተብሎ ይታመናልና። አባትየው ሞቱ። ኤማክ መሬቱን ማስለቀቅ ስላልቻሉ በዚያው ማሳ ላይ ለአበዳሪው የእኩል አራሽ ሆነው ዘጠኝ ዓመት ሠሩ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። የግብሩ ደረሰኝ በስማቸው ነው። መሬቱ የእርሳቸው ነው። ከአዝመራው ግማሹን ግን ከገዛ መሬታቸው ላይ ለሌላ ሰው ይሰፍራሉ።

እኔና ወዳጄ ሕጉን ይዘን ፊታቸው ቀረብን። ወዳጄ እያስተረጎመልኝ፣ ሰባቱ ዓመት ስላለፈ መሬቱ ያለ ክፍያ ሊመለስላቸው እንደሚገባ አስረዳናቸው። ኤማክ በትዕግሥት አዳመጡንና እንዲህ አሉ። «ባሌ ሲታመም በሌሊት ሄጄ በሩን ያንኳኳሁት የዚህን ሰው ነው። ሐኪም ቤቱ ገንዘብ ካልተከፈለ አላስተኛም ሲለኝ፣ ወርቁን ከሚስቱ እጅ አውልቆ የሰጠኝ እርሱ ነው። ዛሬ በሕግ ባስለቅቀው፣ ነገ አንዱ ልጄ ቢታመም የማንን በር አንኳኳለሁ? ያ ወረቀታችሁ በሌሊት በር ይከፍታልን?»

ወዳጄ ከድጎማው ካጠራቀመው ወርቁን ገዝቶ መለሰ፤ መሬቱም ተለቀቀ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንን ጥያቄ መመለስ አልቻልኩም።

በወረቀት ያልሰፈረ ሀብት

በሱንዳ መንደር ከመሬት ባለቤትነት በታች ሌሎች ብዙ መብቶች ተደራርበው ይኖሩ ነበር። ሩዝ ሲደርስ ሴቶች በመዳፍ በምትያዝ ትንሽ ምላጭ ዛላውን አንድ በአንድ ይቆርጡታል። የሩዝ እመቤት የምትባለው ንዪ ፖሃቺ እንዳትደነግጥ ምላጯን በመዳፋቸው ይሸሽጓታል። አዝመራውን የሰበሰበች ሴት ከምርቱ ድርሻ ታገኛለች፤ ባለ ማሳውም የመጣችውን መመለስ ነውር ነበር። መሬት የሌላት ሴት በዚህ ድርሻ ጎተራዋን ትሞላለች። ከዚያም ሩዙን በሙቀጫ ለባለቤቱ ወቅጣ ሌላ ድርሻ ታገኛለች።

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና የሩዝ መፈልፈያ ማሽን መጡ። አገዳው አጭር በሆነው በአዲሱ ሩዝ ላይ ማጭድ ገባ፤ ጥቂት ወንዶች የብዙ ሴቶችን ሥራ ጨረሱት። ባለ ማሳው ከመታጨዱ በፊት አዝመራውን እንዳለ ለነጋዴ መሸጥ ጀመረ፤ ነጋዴውም የራሱን አጫጆች ይዞ መጣ። በሌሎች መንደሮች ደግሞ «ጨብሎካን» የሚባለው ልማድ ተስፋፋ። በዚህ ልማድ የአጨዳ ድርሻ የምታገኘው ቀድማ ችግኙን በነጻ የተከለች፣ ኋላም በነጻ ያረመች ሴት ብቻ ናት። መፈልፈያው ማሽን ደግሞ ሙቀጫውን ዝም አሰኘው።

ምርቱ አድጓል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ኢንዶኔዥያ በ1984 በሩዝ ራሷን ቻለች ተባለ፤ ፕሬዚዳንት ሱሃርቶም በ1985 ሮም በሚገኘው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ጉባኤ ላይ ተሞገሱበት። ነገር ግን በዚያው ዘመን መሬት የሌላቸው ሴቶች ያጡትን ሀብት የመዘገበ መዝገብ የለም። አንድም የባለቤትነት ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሳይተላለፍ የብዙ ሺህ ቤተሰቦች ንብረት ተነነ። እኛ ምሁራን ሀብትን በካርታና በደብተር ብቻ ስንፈልገው እንዲህ ያለውን ዘረፋ አናየውም።

ከተማውና ግድቡ

መሬቱ ዛሬስ ወደ ማን እየሄደ ነው? ሕጉ ባለ መሬቱ በማሳው አካባቢ እንዲኖር ያዛል፤ ርቆ ኗሪ የእርሻ መሬት እንዳይዝ ይከለክላል። ወዳጄ ግን ከኮረብታው ላይ ሆኖ በጣቱ እያመለከተ «ያ የባንዱንግ ሐኪም ነው፤ ያ የጃካርታ ነጋዴ ነው፤ ያኛው ጡረታ የወጣ ሹም ነው» ይለኝ ነበር። ስሙ በወረቀት ላይ ያለው የመንደሩ ሰው ነው፤ አዝመራው ግን ወደ ከተማ ይጫናል።

መንግሥትም ገዥ ሆኖ ሲመጣ አይቻለሁ። በሱመዳንግ የጃቲገዴ ግድብ ታቅዶ ለብዙ ገበሬዎች የመሬት ካሳ በ1980ዎቹ ተከፈለ። ውኃው የተለቀቀው ግን በነሐሴ 2015 ነው። በመካከል አንድ ሙሉ ትውልድ ተወልዶ አደገ። የአባቱ ካሳ ያለቀበት ልጅ የአባቱ መስጊድና መቃብር በውኃ ሲዋጥ ቆሞ አየ። የተከፈለው የመሬት ዋጋ ነው፤ የጎረቤት ዋጋ፣ የሌሊቱ በር ዋጋ አልተተመነም።

ሁሉ ጨለማ ነው ለማለት አይደለም። በሱካቡሚ ተራሮች የቺፕታገላር ሰዎች ሩዝን መሸጥ ነውር አድርገው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እየዘሩ፣ «ሌዊት» በሚባሉ ጎተራዎች ለዓመታት ያከማቻሉ፤ የማኅበር ጎተራም አላቸው። የሀገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም በ2013 የባሕላዊ ማኅበረሰቦች ደን የመንግሥት ደን አይደለም ብሎ ወስኗል። ከዚያ በኋላ በ2016 በሌባክ የካሰፑሃን ካራንግ ሰዎች የአያቶቻቸውን ደን በስማቸው ተቀብለዋል። ይህን ያገኙት ግን በመሬታቸው ላይ በማኅበር ቆመው መናገር የቻሉ ሰዎች ናቸው። ብቻውን ለቀረው ማርሃየን ፍርዱ አልደረሰም።

ለእኛ ክርክር

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ጎራዎቻችን ልመለስ። ለፊተኛው ጎራ፣ ለቀድሞው ጎራዬ፣ እንዲህ እላለሁ። የሱንዳ ገበሬ የሚሸጠውና የሚለውጠው መሬት አለው። መሬቱ ግን አላበለጸገውም። 75 ቱምባክ በስምህ ቢሆንም 75 ቱምባክ ነው። ለኋለኛው ጎራ ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ኤማክ መሬታቸውን ያስያዙት ለድግስ ወይም ለመጠጥ አልነበረም፤ ባላቸው ታመው ነው። መሬት የሚያስለቅቀው ሕመም ከሆነ፣ ሽያጭን መከልከል ሕመምን አይፈውስም። በእኛም ገጠር ሽያጭ ተከልክሎ ሳለ ክፉ ቀን የደረሰበት ገበሬ ማሳውን ለጉልበተኛ በእኩል ወይም በኪራይ እየሰጠ በገዛ መሬቱ ላይ ተመልካች መሆኑን የማያውቅ አለን?

ስለዚህ የባለቤትነት ደብተር ይታደል፤ አልቃወምም። ገበሬው በስሙ የሆነ ነገር መያዙ ክብሩ ነው። ነገር ግን ደብተሩን ሰጥተን ሥራችን ያለቀ አይምሰለን። ለገበሬው ልጅ ከማሳው ውጭ እንጀራ አለ ወይ? ገበሬው በታመመ ሌሊት መሬቱን ሳያስይዝ የሚገባበት ሐኪም ቤት አለ ወይ? መሬት የሌላት ጎረቤቱ የነበራት የአጨዳ፣ የግጦሽና የቃርሚያ መብት በአዲሱ ደብተር ውስጥ የት ላይ ተጻፈ? እነዚህን ሦስቱን ያልመለሰ የመሬት ፖሊሲ፣ የግልም ተባለ የመንግሥት፣ ማርሃየኖችን ያበዛል እንጂ አያሳንስም።

በአዳራሽ ስለ መሬት በተናገርኩ ቁጥር የኤማክ ጥያቄ ይመጣብኛል። እናንተም ከየትኛውም ጎራ ሁኑ፣ የምትደግፉትን አዋጅ በፊታችሁ ዘርግታችሁ ይህንኑ ጠይቁት፦ በሌሊት በር ይከፍታልን?

ቸር ይግጠመን።